ሮቦቱን ከማዘዛችሁ በፊት ሥራውን የሚሠራውን ሰው ጠይቁ

ይድረስ ለመምሪያ ኃላፊዎች፣ ለአይቲ ክፍሎች፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ኮፒ ፔስት ስታደርጉ ለምትውሉ ባልደረቦቼ፤

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች አርፒኤ (ሮቦቲክ ፕሮሰስ አውቶሜሽን፣ ማለትም ተደጋጋሚ የኮምፒውተር ሥራን ለሶፍትዌር ሮቦት መስጠት) የሚባለውን ነገር ለመጀመር እያሰቡ ነው። ደስ ይላል። እኔም ከልቤ የምደግፈው ነገር ነው። ግን አጀማመሩ ላይ አንድ ሰው እየተዘለለ ነው፤ እሱም ሥራውን በየቀኑ የሚሠራው ሰው። ስብሰባው ላይ የለም። ሻጩ ሶፍትዌሩን ሊያሳይ ሲመጣ አልተጠራም። የትኛው ሥራ ለሮቦት ይሰጥ ተብሎ ሲወሰን የጠየቀው የለም። መጨረሻ ላይ «ከሰኞ ጀምሮ ይሄን ሮቦቱ ይሠራዋል» የሚል ኢሜይል ይደርሰዋል። የምለምናችሁ ይሄን ቅደም ተከተል እንድትገለብጡት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ የሚመርጠው ያ ሰው ይሁን፤ ሮቦቱ ሲገነባም አጠገብ ይቀመጥ፤ ፍላጎቱ ካለው ደግሞ ራሱ ይገንባው።

ነገሩን በደንብ ለማያውቁት ሁለት ቃል ልበል። እዚህ ጋ ሮቦት ማለት እጅና እግር ያለው ማሽን አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነው። ሰው እንደሚያደርገው ፕሮግራም ይከፍታል፣ በፓስወርድ ይገባል፣ በተን ይጫናል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይጽፋል፣ ፋይል አውርዶ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ትልቁ ጥቅሙ ነባሩን ሲስተም አለመንካቱ ነው። ሁለት ሲስተሞች እርስ በርስ አይነጋገሩም እንበል፤ አንዱ ያረጀ ነው፣ የሠራው ኩባንያም ከገበያ ወጥቷል። እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ የኖረው የሠራተኛው እጅና ዓይን ነው። አርፒኤ የሚገባው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ቴክኖሎጂው ትናንት የመጣም አይደለም። የአርፒኤ ሶፍትዌር ከሚሠሩት ኩባንያዎች መካከል ብሉ ፕሪዝም እንግሊዝ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አውቶሜሽን ኤኒዌር ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2003፣ ዩአይፓዝ ደግሞ ሩማንያ ውስጥ በ2005። አርፒኤ የሚለው ስም ራሱ የተለመደው ግን ከ2012 ገደማ ወዲህ ነው። ለጀማሪ ትልቁ ለውጥ የመጣው በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት በ2020 ሶፍቶሞቲቭ የተባለውን የግሪክ ኩባንያ ገዛ፤ በማርች 2021 ደግሞ ፓወር አውቶሜት ዴስክቶፕ የተባለውን የራሱን የአርፒኤ መሣሪያ ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለቀቀው። ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ ይመጣል። ምናልባት ይሄን የምታነቡበት ኮምፒውተር ላይ አለ። ዩአይፓዝም ለግል መማሪያ የሚሆን ነፃ ስሪት አለው፣ ትምህርቱንም በነፃ ያቀርባል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሞክር ሰው ካላችሁ ሮቦት ፍሬምወርክ የሚባለው መሣሪያ ክፍት ምንጭ ነው፣ አነሳሱም በ2005 ኖኪያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ለመጀመር በጀት ማስጸደቅ ግድ አይደለም። ሮቦቱ ሰው ሳይኖር ሌሊት ብቻውን እንዲሠራ ስትፈልጉ፣ ወይም ብዙ ሮቦቶችን ከአንድ ቦታ መቆጣጠር ስትፈልጉ ነው ክፍያው የሚመጣው። እዚያ እስክትደርሱ ድረስ ብዙ መማር ይቻላል።

አሁን ሠራተኛው ይጠየቅ የምልበትን ምክንያት በአንድ ሥራ ላይ ላሳያችሁ። የኢንቮይስ ምዝገባን እንውሰድ። ወረቀት ላይ ሲጻፍ አምስት መስመር ነው። ኢሜይሉን ክፈት፣ አባሪውን አውርድ፣ የአቅራቢውን ስም፣ የኢንቮይሱን ቁጥር፣ ቀኑንና ገንዘቡን አንብብ፣ ሲስተሙ ላይ መዝግብ፣ ፋይሉን አስቀምጥ። ሻጩ ይሄን አይቶ «ቀላል ነው» ይላል። ኃላፊውም ይስማማል።

እስቲ አሁን ከምትመዘግበው ባልደረባችን አጠገብ ቁጭ በሉና እዩ። የአንዱ አቅራቢ ስም ኢንቮይሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሲስተሙ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል፤ እሷ ግን ስለምታውቀው ሳታስበው ትክክለኛውን ትመርጣለች። የሌላው ኢንቮይስ ቁጥር በዜሮ ይጀምራል፤ ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ዜሮውን ይጥለዋል፤ እሷ መልሳ ትጨምረዋለች። 03/04 የሚል ቀን ስታይ ይሄ ድርጅት ወሩን ነው የሚያስቀድመው ወይስ ቀኑን የሚለውን ከልምድ ታውቃለች። አንዱ ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ ተልኳል፤ አንዴ በፒዲኤፍ፣ አንዴ በስልክ ፎቶ ተነስቶ። «ይሄን ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ» ትልና ትተወዋለች። ገንዘቡ ከግዥ ትእዛዙ ጋር ትንሽ ሲለያይ ደግሞ ግዥ ክፍል ላለው ሰው ትደውላለች፤ ለማን እንደምትደውልም ታውቃለች።

ከእነዚህ አንዱም መመሪያው ላይ የለም። ሁሉም እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሮቦቱ ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያውቀው። እሷ ሳትጠየቅ የተሠራ ሮቦት ዜሮውን ይጥላል፣ ቀኑን ያገላብጣል፣ ሁለት ጊዜ የመጣውን ሁለት ጊዜ ይመዘግባል፣ ይሄን ሁሉ ደግሞ በፍጥነት ያደርገዋል። ሰው አንድ ስህተት በሚሠራበት ጊዜ እሱ ብዙ መቶ መሥራት ይችላል። ለዚህ ነው ሥራውን የምታውቀውን ሰው መጠየቅ የትህትና ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው። ሥራው ያለ እሷ በትክክል አይጻፍም።

ሠራተኛዋ ደግሞ ይሄን ሁሉ የምትነግራችሁ ካመነቻችሁ ብቻ ነው። እዚህ ጋ ኃላፊዎችን በግልጽ ልናገር። «የማውቀውን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ያሰናብቱኛል» ብላ የምትፈራ ሰው የምትነግራችሁ አምስቱን መስመር ብቻ ነው። አይፈረድባትም። ስለዚህ ሮቦቱ ከመጀመሩ በፊት የሚተርፈው ሰዓት ምን ላይ እንደሚውል በጽሑፍ አሳውቁ። በቃል የሚነገር «አትስጉ» ማንንም አያረጋጋም። እነማን ሌላ ምን ሥራ እንደሚሠሩ፣ ምን ሥልጠና እንደሚያገኙ፣ ሮቦቱን የሚከታተለው ሰው የሥራ መደቡ ምን ተብሎ እንደሚስተካከል ጻፉት። ያ ሰዓት የሚፈለግበት ቦታ ደግሞ ሞልቷል። ለጥያቄው መልስ እየጠበቀ ያለ ደንበኛ አለ፣ ሳይታይ የተከመረ ልዩነት አለ፣ ማንም ያላጣራው ሂሳብ አለ። ዓላማችሁ ሰው መቀነስ ከሆነ ደግሞ ደብቃችሁ እውቀቱን ከአፉ አትቀበሉት። ይሄ ነውር ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ፣ አሰልቺና በየቀኑ የሚደጋገም ይሁን። ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሠራ፣ ቢበላሽ በዚያው ቀን የሚታረም። የጠዋት ሪፖርት አውርዶ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥና ለሦስት ሰው መላክ በጣም ጥሩ መጀመሪያ ነው። ደመወዝ መክፈል አይደለም። ትንሽ ነው ብላችሁም አትናቁት። በቀን 10 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ዓመቱን 250 የሥራ ቀን ብናደርገው 2,500 ደቂቃ ነው፤ ወደ 42 ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት በላይ። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚሠራውን ግን ተዉት፣ ሮቦቱን መገንባቱ ከሥራው የበለጠ ጊዜ ይበላል። በየእርምጃው ማመዛዘን የሚጠይቀውንም ተዉት። በጥቂት ወራት ውስጥ ሊቀየር በታሰበ ሲስተም ላይም አትድከሙ። ሁለት ሠራተኞች በሁለት መንገድ የሚሠሩት ሥራ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ተነጋግረው ይስማሙ፤ ያልተስማሙበትን ነገር ሮቦት አያስማማውም።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ሥራ ሮቦት ጭራሽ አያስፈልገውም። አስር የኤክሴል ፋይል አንድ ላይ ማያያዝ ከሆነ ኤክሴል ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ ይበቃል። ሲስተሙ ኤፒአይ ካለው፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ስክሪኑን ሳይነካ ዳታ የሚቀበልበትና የሚሰጥበት በር ካለው፣ በዚያ ግቡ። ስክሪን ላይ በተን እየተጫነ የሚሠራ ሮቦት የሚመረጠው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ምክንያቱም ስክሪን ይለዋወጣል።

ይሄኛው ብዙ ጀማሪ የሚበሳጭበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሪከርደር አላቸው። ሪከርዱን ተጭናችሁ ሥራውን አንዴ ስትሠሩት የነካችሁትን ሁሉ ይመዘግባል። ለመማር ግሩም ነው። ግን ሪከርደሩ የሰጣችሁን እንዳለ አትጠቀሙበት። ሮቦቱ አንድን በተን የሚያገኝበት መንገድ ይለያያል። ስክሪኑ ላይ ባለበት ቦታ ብቻ የሚያገኘው ከሆነ ሌላ መጠን ያለው ሞኒተር ሲገጠም ባዶ ቦታ ይጫናል። በምስሉ ከሆነ የሚያገኘው፣ የበተኑ ቀለም ሲቀየር ይጠፋበታል። የሚሻለው ሴሌክተር የሚባለው ነው፤ በተኑን ፕሮግራሙ ውስጥ ባለው መለያው ይፈልገዋል፣ ቦታው ቢቀየርም ያገኘዋል። ሴሌክተሩንም ቢሆን ከፍታችሁ እዩት። መስኮቱ ርዕስ ላይ የዛሬው ቀን ወይም የአንድ ደንበኛ ቁጥር ካለበት፣ ሪከርደሩ እሱንም አብሮ ይዞት ይሆናል። ዛሬ በደንብ ይሠራል፣ ነገ ይቆማል፣ እናንተም ሶፍትዌሩ አይረባም ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ችግሩ ግን አንድ መስመር ላይ ነው፣ የሚለዋወጠውን ክፍል፣ ለምሳሌ ዩአይፓዝ ላይ በኮከብ ምልክት (*)፣ መተካት ብቻ ነው የሚቀረው።

«አምስት ሴኮንድ ጠብቅ» ከማለትም «ይሄ መስኮት እስኪከፈት ጠብቅ» ማለት ይሻላል። ኔትወርኩ በተጨናነቀ ቀን አምስት ሴኮንድ አይበቃም፤ ሮቦቱ ገና ያልተከፈተ ገጽ ላይ መጻፍ ይጀምራል።

ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥስ? ይሄን ከመጀመሪያው ቀን አስቡት። ሁለት መቶ መስመር ያለው ኤክሴል ይዞ ሲመዘግብ 87ኛው ላይ ቆመ እንበል። እንደገና ሲነሳ ከየት ይጀምር? ከመጀመሪያው ከጀመረ 86 ነገር ሁለት ጊዜ ተመዘገበ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ኤክሴሉ ላይ አንድ ኮለም ጨምሩ። ሮቦቱ እያንዳንዱን መስመር በጨረሰ ቁጥር እዚያው «ተመዝግቧል» ብሎ ይጻፍ፤ ግራ የገባውን «ሰው ይየው» ብሎ ይለፈው። እንደገና ሲነሳ ያልተጻፈበትን ብቻ ይሠራል። ጠዋት ላይ ባልደረባችን ፋይሉን ከፍታ «ሰው ይየው» የሚሉትን ብቻ ትጨርሳለች። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄን አሠራር ነው። አድካሚው ድግግሞሽ ለማሽኑ ሄደ፣ ማሰብ የሚፈልገው ለሰው ቀረ።

በመጨረሻም ሮቦቱ ቆጥሮ ያስረክብ። ስንት ተቀበልኩ፣ ስንት መዘገብኩ፣ ስንት ተውኩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ይጩህ። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች ከላብራቶሪ በፋይል ይመጡና በራሱ በሚሠራ ሂደት ወደ ኤክሴል ይገቡ ነበር። የተጠቀሙት የድሮውን የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ። በዚህ ምክንያት 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጪ ሆኑ፣ ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የመፈለጉም ሥራ ዘገየ። የገባውና የወጣው መስመር ቢቆጠር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር። ቆሞ «ኤረር» የሚል ሮቦት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ እየጎደለበት «ጨርሻለሁ» የሚለው ነው።

አሁን ለአይቲ ክፍሎች። እናንተን የምወቅስበት ሳይሆን የምለምንበት ነገር አለኝ። ሠራተኛው አንድ ነገር መሞከር ፈልጎ ፈቃድ ሲጠይቅ «አይቻልም» ብቻ አትበሉት። ሥጋታችሁ ይገባኛል፤ ማን የሠራው እንደሆነ የማይታወቅ ሮቦት በየኮምፒውተሩ ሲበዛ ነገ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ግን በር ሲዘጋ ሰው መሞከሩን አይተውም፣ ደብቆ ነው የሚያደርገው፣ ያኔ ደግሞ ፓስወርዱን ኤክሴል ውስጥ ጽፎት ታገኙታላችሁ። ይልቅ መሞከሪያ ስጡት። የሲስተሙ የሙከራ ስሪት ካለ እዚያ ይለማመድ። ወደ ዋናው ሲስተም ሲገባ ሮቦቱ የራሱ አካውንት ይኑረው። በሠራተኛዋ አካውንት ከሠራ፣ ሮቦቱ ሌሊት ያደረገው ሁሉ በእሷ ስም ይመዘገባል፤ እሷ ሥራ ስትቀይር ደግሞ አካውንቷ ይዘጋና ሮቦቱም አብሮ ይቆማል። ፓስወርዱ ሮቦቱ ውስጥ አይጻፍ፣ ለዚህ የተሠራ የተቆለፈ ማስቀመጫ አለ። ክፍያ የሚመዘግብ ሮቦት ክፍያ እንዲያጸድቅ አይፈቀድለት። የትኛው ሮቦት የት እንዳለ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ሲስተም እንደሚነካ በአንድ መዝገብ ያዙ። ሲስተሙን አፕዴት ልታደርጉ ስትሉም ለእነዚያ ባለቤቶች ቀድማችሁ ንገሯቸው። ብዙ ሮቦት የሚሞተው ማንም ሳይናገር በተቀየረ አንድ ገጽ ነው።

«አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጥቷል፣ አርፒኤ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። የተዘበራረቀ ኢንቮይስ አንብቦ ቁጥሩን ለማውጣት ኤአይ በእርግጥ ይረዳል። ያወጣውን ቁጥር ሲስተሙ ላይ መመዝገብ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ሆኖ መሠራት ያለበት ነገር ነው፣ እዚያ ላይ ግምት አያስፈልግም። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል፣ በመሃል የሚያይ ሰው እስካለ ድረስ።

ለእናንተ ለባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ መጀመር የምትችሉት ነገር አለ። ለአንድ ሳምንት ያህል የምትደጋግሙትን ሥራ ጻፉት። ምን ከፈታችሁ፣ ምን ኮፒ አደረጋችሁ፣ የት ለጠፋችሁ፣ የት ላይ ቆም ብላችሁ አሰባችሁ። ያቺን ያሰባችሁባትን ቦታ በተለይ አትዝለሏት፣ «ሁሌ አይደለም፣ አንዳንዴ» የምትሉትን ሁሉ ጻፉት። ፕሮግራሚንግ አልተማርኩም ብላችሁም አትሸማቀቁ። ኤክሴል ላይ «እንዲህ ከሆነ ይሄን፣ ካልሆነ ያን» የሚል ፎርሙላ የጻፈ ሰው ለመጀመሪያው ሮቦት የሚበቃ አስተሳሰብ አለው። ቀሪው ልምምድ ነው።

ስለዚህ ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከየክፍሉ አንድ ፈቃደኛ ሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይሰጠው፣ ከትርፍ ጊዜው ሳይሆን ከሥራ ሰዓቱ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሌላ ሥራ አይጫንበት። ከአይቲ ጥያቄ ሲኖረው የሚደውልለት አንድ ሰው ይታወቅ። የመጀመሪያው ሮቦት ሲያልቅ ሥራው ለጥቂት ሳምንት በሁለቱም መንገድ ይሠራ፣ በእጅም በሮቦትም፤ ውጤታቸውም በየቀኑ ይመሳከር። «አሁን በእጅ መሥራቱን እናቁም» የሚለውን ቃል የምትናገረው ያቺው ሥራውን የምታውቀው ሠራተኛ ትሁን። እሷ ገና ነው ካለች፣ ገና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የእናንተው ባልደረባ